ረዳት የሌለው ጋቢና

ይህን የምነግራችሁ በጆሯችሁ ነው። ነገም ትሬለር ጎትቼ የምወጣ ሰው ነኝና "ማን አወራው?" ከተባለ አላየነውም በሉ።

አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የምንነዳ ሐበሾች ሁለት ነገር እንዋሻለን። አንደኛውን የምንዋሸው ለመንግሥት ነው። ጠዋት ኤሌክትሮኒክ ሎጋችን ላይ "ፕሪ ትሪፕ ኢንስፔክሽን" የሚለውን እንጫንና፣ መኪናውን ዞረን ልናይበት የሚገባንን 15 ደቂቃ ጋቢና ውስጥ ቡና እየጠጣን፣ አዲስ አበባ እየደወልን እንጨርሰዋለን። ሁለተኛውን የምንዋሸው እርስ በርስ ነው። "ሲቢ ሬዲዮ አለህ?" ስንባል "አለኝ" እንላለን። መኖሩስ አለ፤ ከተገዛ ጀምሮ ግን ሥራው አቧራ መጠጣት ነው።

የሚሠራው ስልኩ ነው። ከዴንቨር፣ ከሲያትል፣ ከዳላስ፣ ከሚኒያፖሊስ የተነሱ አስር አስራ አምስት ልጆች አንድ የጋራ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ፖለቲካው ይተነተናል፣ ጭነት አገናኙ ብሮከር ይታማል፣ ቀልድ ይወርዳል። አንዱ ድምፁ ከጠፋ "አንተ፣ ተኛህ እንዴ?" የሚል አይጠፋም። እንቅልፍ በማባረር ይህን የሚያህል መድኃኒት አላውቅም፤ ብቸኝነትንም ያስረሳል። ነገር ግን እኔ የኦሪገንን ተራራ ስወርድ ከተጫዋቾቹ አንዱ ኦክላሆማ፣ ሌላው ኦሃዮ ነው። ጅራቴ ሲነድ ማን ያይልኛል?

ለአባባል ያህል አይደለም። አንድ ሌሊት ሊነድ ጥቂት ነበር የቀረው።

ከአይዳሆ የቀዘቀዘ ድንች ጭኜ በሃይዌይ 84 ወደ ፖርትላንድ እየሄድኩ ነው። ትሬለሩ ሪፈር የምንለው ማቀዝቀዣ ያለው ነው፤ የእኔ አይደለም፤ ባዶውን ጥለህ የተጫነውን አንሳ የሚባለው ዓይነት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ትሬለር የሙት ልጅ ማለት ነው። ትናንት አንዱ፣ ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላው ይጎትተዋል፤ ሁሉም "ቀጣዩ ሰው ያሠራዋል" ብሎ ያልፈዋል። እኔም መብራቱን ከሩቅ አየሁ፣ ጎማውን አንድ ሁለቴ በእግሬ መታሁ፣ ወጣሁ። ላ ግራንድን አልፌ ተራራው ውስጥ ስገባ ኔትዎርክ ጠፋና ጨዋታው ተቋረጠ። ዝምታው ሲከብደኝ ሲቢውን ከፈትኩት። ለሩብ ሰዓት ያህል "ሽሽሽ" ብቻ። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ደቡቦቹ በሚጎትቱት እንግሊዝኛ፣ እንዲህ አለ፦ "ሪፈር የምትጎትተው ነጩ ፍሬይትላይነር፣ ጆሮህ ክፍት ነው? የግራ የኋላ ጎማህ እያጨሰ ነው። ቁልቁለቱን እንዳትጀምረው።"

ቁልቁለቱ ካቤጅ ሂል ነው። ከፔንድልተን ከተማ በላይ፣ 6 በመቶ የሚያዘቀዝቅ፣ በስድስት ማይል ውስጥ 2,000 ጫማ ያህል የሚያወርድ፣ እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ መንገድ። አናቱ ላይ ያለው ስፍራ ስሙ ራሱ ዴድማን ፓስ፣ "የሙት ሰው ማለፊያ" ነው። እዚያ ወጥቼ ቆምኩ። ከጋቢና ስወርድ ሽታው ተቀበለኝ፤ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ጎማው ያን ሁሉ ማይል ከፍሬኑ ጋር እየታገለ ነው የመጣው። በኋላ የደረሰው መካኒክ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው፤ ፍሬኑን የሚያዞረው ዘንግ ቅባት ካየ ከርሟል። ሂሳቡን አልነግራችሁም።

የምነግራችሁ ሌላ ነው። ያን ጠዋት ጎማውን ታኮ አስደግፌ፣ የትሬለሩን ፍሬን ለቅቄ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ብመለከት ኖሮ የሌሎቹ ጎማዎች የፍሬን መግፊያ ዘንግ ተመልሶ ሲገባ የአንዱ ወጥቶ መቅረቱ ይታየኝ ነበር። ከደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነው።

መካኒኩን ስጠብቅ ትዝ ያለኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በኤንትሬ፣ ያውም ከነተሳቢው፣ አባይን ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ሹፌር ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አልፎ አልፎ ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ በዓይኔ የቀረው ግን እሱ ሳይሆን ረዳቱ ነው። ሳይነጋ ተነስቶ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ውሃና ዘይት ያያል፣ ቺንጋውን በጣቱ ይጫናል፣ ከሥር ተንጋሎ ገብቶ ባሊስትራውን በእጁ ይዳብሳል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱ ሲጀምር ታኮውን ታቅፎ በር ላይ ይንጠለጠላል። ከኋላ አንዳች ነገር ካየ ስፖንዳውን ሁለቴ ይደበድባል፤ አጎቴ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ይቆማል። መኪናው ከተበላሸም ሮጦ ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ የሚደረድረው እሱ ነው።

የአሜሪካ መንገድ ያልተሟላለት ነገር የለም፤ ረዳት ግን የለውም። 53 ጫማ ትሬለር፣ ሲጫን ጠቅላላው እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው። የረዳቱን ሥራ ለሁለት ከፍለው ሰጡን፤ መኪናው ቆሞ የሚሠራውን ፕሪ ትሪፕ አሉት፣ እየሄደ የሚሠራውን ደግሞ ሲቢ ሬዲዮ ተሸከመው። እኛ ሁለቱንም ዘጋናቸው።

ስለ ሬዲዮው ላውራ። ሲቢ የሕዝብ ሬዲዮ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት ዛሬ የምንጠቀምበትን ሞገድ ለተራው ሰው የፈቀደው በ1958 ነው። የሹፌር መሣሪያ ያደረገው ግን የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ፣ ፍጥነትም በአገር አቀፍ ደረጃ በሰዓት 55 ማይል ላይ ሲታሰር፣ የትኛው ማደያ ነዳጅ እንዳለውና ፖሊሱ የት እንደተደበቀ የሚነጋገሩበት ሆነ። ከዚያ አገር ሁሉ ያዘው፤ ዘፈን ተዘፈነለት፣ ፊልም ተሠራበት። 23 የነበሩት ቻናሎች በ1977 ወደ 40 አደጉ፤ ከ1983 ወዲህም ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። ዛሬ የሹፌሮች ቻናል 19 ነው፤ 9ኛው ለድንገተኛ አደጋ የተተወ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሃይዌይ 5 ላይ ስትሆኑ ግን 17ንም ሞክሩ። 19 ላይ ጸጥ ሲልባቸው ሬዲዮው ተበላሸ ብለው የነቀሉ አውቃለሁ።

ኃይሉ 4 ዋት ብቻ ነው፤ ጥቂት ማይል ሄዶ ይሞታል። ብዙዎቻችን የናቅነው ለዚህ ነው፤ ስልክ ባሕር ተሻግሮ ሲያወራ ይህ ከኮረብታው ማዶ አይሰማም እያልን። ዋጋው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ጥቂት ማይል ብቻ ስለሚሄድ የሚሰማችሁ ሰው የግድ አጠገባችሁ ያለ ሰው ነው። ከፊታችሁ ያለፈበትን በረዶ፣ የተገለበጠውን መኪና፣ የተዘጋውን መስመር አሁን እያየ ይነግራችኋል። የስልካችሁ ካርታ ቀይ መስመር የሚያሳያችሁ መኪኖቹ ከቆሙ በኋላ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ባለው የሃይዌይ 80 መንገድ ነፋሱ በረዶውን እያነሳ ዓይን ሲጋርድ፣ ከካርታውና ከአንድ "ማይል 260 ላይ ቁም፣ ቆመናል" ከሚል ድምፅ የቱን እንደምመርጥ አትጠይቁኝ።

ቋንቋው ራሱ ይጣፍጣል። እኛ አይሱዙን አልቃይዳ፣ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ የሰየመ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ይገባናል። ፖሊስ "ድብ" ነው፤ የደን ቃጠሎ ማስታወቂያ ላይ ያለው ድብ የሚያደርገው ባርኔጣ ከስቴት ፖሊሶች ባርኔጣ ጋር ስለሚመሳሰል። ሄሊኮፕተር ከሆነ "ድብ በሰማይ"፣ የመኪና ተቆጣጣሪው ደግሞ "የናፍጣ ድብ" ነው። ሚዛን ጣቢያው "የዶሮ ቤት" ይባላል። መንገድ ላይ የተጋደመ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ "አዞ" ነው፤ ስትረግጡት ተነስቶ ከሥር ያለውን የንፋስ ቱቦ ስለሚነክስ። "ቀኝ መስመር ላይ አዞ አለ" የሚለውን መስማትና አለመስማት የአንድ ቀን ገቢ ነው።

አሁን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ የምነግራችሁ አለ። 19 ላይ ስድብም አለ። አክሰንታችንን የሰማ አንዳንድ ሰው የማይባል ይላል፤ መጀመሪያ አፌን የከፈትኩ ቀን የተመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ልጆች ሬዲዮውን የዘጉት በዚህ ነው፤ ሰበቡን ግን "ጊዜው አልፎበታል" ይሉታል። የእኔ መላ ቀላል ነው፤ አልናገርም፣ እሰማለሁ። ከባድ ነገር ሳይ ብቻ ማይክ አነሳለሁ፦ ማይል ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ ያየሁት ነገር፣ በቃ። የተሳዳቢውም ፍሬን ሲጨስ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ ነግሬያለሁ፤ አመስግኗል።

ሌላው ምስጢር ሱቅ የማይነግራችሁ ነው። ገንዘባችሁን ውድ ሬዲዮ ላይ አትጨርሱ፤ ሥራው የአንቴናው ነው። አንቴናው ከመኪናው ብረት ጋር በትክክል ካልተያያዘና በመለኪያ ካልተስተካከለ ኃይሉ ተመልሶ ሬዲዮውን ይበላዋል፣ እናንተም "ሽሽሽ" ብቻ ትሰማላችሁ። ኤስደብልዩአር የሚባለውን መለኪያ ይዞ ከ2 በታች የሚያወርድላችሁ የሬዲዮ ሱቅ ትልልቅ ትራክ ስቶፖች አካባቢ ታገኛላችሁ። ስኩዌልች የምትባለዋን ቁልፍም ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አዙሩ፤ ከዚያ ካለፋችሁ ሰውንም አብራችሁ ትዘጋላችሁ። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። ከጥር 2012 ጀምሮ የንግድ መኪና እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል፤ የሲቢ ማይክ ግን እዚያ ክልከላ ውስጥ አልገባም።

ወደ ፕሪ ትሪፑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሐሜቱ። እኛ ሐበሾች መኪና ፍተሻን የተማርነው እንደ ዳዊት በቃላችን ነው። ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስንዘጋጅ በየቤቱ ወረቀት ይዘን "ኖት ክራክድ፣ ኖት ቤንት፣ ኖት ብሮክን" እያልን ስንደግም ሚስቶቻችንና ልጆቻችን አብረው ሸመደዱት። ፈታኙ ፊት ቆመን በጣታችን እየጠቆምን እናወርደዋለን፣ እናልፋለን፣ በማግስቱ እንረሳዋለን። ከመካከላችን አገር ቤት ጋራዥ የሠራው ልጅ ብቻ ነው የሚስቀው። ሊፍ ስፕሪንግ ሲሉት "ባሊስትራ አትሉኝም እንዴ!" ይላል። ፓራውልቱን፣ ፍሬቻውን፣ ኮፈኑን፣ ቸርኬውን በእጁ ያውቃቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ስም ሲጠሩበት ነው የጠፉበት። ጣሊያን ጥሎልን በሄደው ስም መኪናን የሚያውቅ እጅ፣ በእንግሊዝኛ ዜማ ከሚደግም አፍ እንደሚሻል ኢንስፔክተሩም ያውቃል።

ሕጉ እኮ 15 ደቂቃ አይልም። የትም ቦታ አልተጻፈም። ሹፌሩ መኪናው ለመንዳት ደህና መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይነዳ ነው የሚለው። እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ንፋሱ። ሞተር አጥፍቼ ፍሬኑን ረግጬ ስይዝ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ፍሬኑን ደጋግሜ ስመታ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱ 60 አካባቢ ሳይደርስ መጮህ አለበት። ከዚያ ወርጄ እዞራለሁ። ጎማ በዱላ መምታት ፍንዳታ ያሳያችሁ ይሆናል፤ 100 ፒኤስአይንና 70ን ግን ረዳትም ቢሆን በጆሮ አይለያቸውም። መለኪያ ግዙ። የፊት ጎማ ጥርስ ከኢንች 32ኛ 4 እጅ፣ የኋላው ከ2 እጅ ማነስ የለበትም። መብራቱን ሁሉ አበራለሁ፤ መንገድ ላይ በብዛት የሚያስከስሰው አንድ የጠፋች አምፖል ናትና። ጭነት በሰንሰለትና በቀበቶ የምታስሩ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ወርዳችሁ እንድታዩ ግዴታ አለባችሁ፤ ከዚያም በየ150 ማይሉ ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ የቀደመው።

ፍሬን ላይ ሒሳቡን ላሳያችሁ። አምስት አክስል ያለው መኪና አስር ፍሬን አለው። ሚዛን ጣቢያ ሲፈተሽ ከመቶ ሃያው ከተበላሸ መኪናው እዚያው ይቆማል። ከአስር ሃያ በመቶ ሁለት ነው። ሁለት ፍሬን! ከዚያ ሚዛን ጣቢያ በራሳችሁ ጎማ አትወጡም።

ኢንስፔክተሮቹን የምንፈራው ስለማናውቃቸው ይመስለኛል። ሙሉው ፍተሻ 37 ደረጃ አለው፤ ነገር ግን ገና ስትገቡ መስተዋቱ መቆሸሹን፣ ቀበቶ ማሰራችሁን፣ መብራት መጥፋቱን ያዩና "ይህ ሰው መኪናውን ዞሮታል ወይስ አልዞረውም" የሚለውን ገምተው ይጨርሳሉ። ንጹሕ ከሆናችሁ የሚለጥፉላችሁ ምልክት እስከ ሦስት ወር ያገለግላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ንጹሕ ፍተሻ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለኩባንያውም ለእናንተም ይጠቅማል። አንዳንዴ "ምንም የለብህም፣ ሂድ" ብለው ወረቀት ሳይሰጡ ይሸኛሉ። አክብራችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። የተበላሸው ፍተሻ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጣሪ ሲያየው፣ ንጹሑ ለምን ይቀራል? ይህን እያወቅን ግን በየዓመቱ ሮድቼክ የሚባለው የ72 ሰዓት ዘመቻ ሲደርስ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። በዚያ ሳምንት ሠርግና ክርስትና ይበዛል፤ ግማሹ መኪና ቤት ይቆማል።

ደግሞ ከሰኔ 2025 ወዲህ አዲስ ነገር መጥቷል። እንግሊዝኛ በበቂ ሁኔታ አለመናገር ቀድሞም ደንብ መጣስ ነበር፤ አሁን ግን መኪናችሁ ደህና ቢሆንም ከመንገድ ያስወርዳችኋል። ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ ስልክ ትርጉም ያናግሩና የመንገድ ምልክት ይጠይቃሉ። ፕሪ ትሪፑን በዜማ የወጣ ልጅ "ጭነቱን ከየት ነው ያነሳኸው?" ሲባል ሲንተባተብ በዓይኔ አይቻለሁ። በአማርኛ ብቻ ሌሊቱን የሚያድር ሰው እንግሊዝኛው ከየት ይምጣለት? 19ን ከፍቶ የተዋቸው ልጆች ሳያስቡት ተማሩበት፤ ቴክሳሱም ቴነሲውም እንዴት እንደሚናገር ጆሯቸው ለመደ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከቢሮ ሆኖ የሚያሰማራችሁ ዲስፓቸር ይህን አይነግራችሁም። በፊት የሠራሁበት አንድ ኩባንያ ውስጥ ፍሬኑ ያፈሳል ብዬ ብጽፍ "ቀስ ብለህ ድረስልኝ፣ እዚህ እናሠራዋለን" ተባልኩ። እኔም ሄድኩ፤ የምኮራበት አይደለም። ደህና ያልሆነ መኪና አልነዳም ያለን ሹፌር የሚጠብቅ ሕግ ከ1982 ጀምሮ አለ። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ለኦሻ፣ አቤት ማለት ይችላል። ስልክ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ጽሑፉን አስቀምጡ።

ባለፈው ክረምት አዮዋ፣ ዎልኮት ውስጥ ነበር ያደርኩት። በ1964 የተከፈተው፣ የዓለም ትልቁ ትራክ ስቶፕ እየተባለ የሚጠራው ቦታ ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፏል፤ መኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። አልጋ ላይ ሆኜ 19ን ዝቅ አድርጌ ከፍቼዋለሁ። አንድ ጀማሪ ሁለት መኪና መሃል በኋላ ማርሽ ሊገባ ይታገላል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከጋቢናው ሆኖ በሬዲዮ ይመራዋል። "ከም ኦን ባክ… ከም ኦን ባክ… ሆ! ሆ! ወደፊት ሂድና እንደገና።" ልጁ "ቴን ፎር" አለ፤ ገባኝ ማለቱ ነው። አባባሉ ከእኛ ሰፈር ነው። መጋረጃውን ገልጬ አየሁ፤ ትሬለሩ ከፊቴ ነው፣ የቀኝ ጅራቱ ከአጠገቡ መኪና ጋር ሊሳሳም አንድ ክንድ ቀርቶታል፤ ከዚያ በኩል ሽማግሌው አያየውም።

ማይኩን አነሳሁ። "ና፣ ና… መሪህን ወደ ቀኝ ቁረጥ… ና፣ ና፣ ና… በቃ!" አልኩት።

መኪናው ቆመ። ለጥቂት ሰኮንድ 19 ላይ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ልጁ፦ "ኧረ ማነው እሱ?"